ቀድቶ ማየትና ቀድቶ ማካፈል፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ስለሚቀዱ ፕሮግራሞች የደረሱን ጥያቄዎች ስለበዙ የዚህን እትም ዓምድ በሙሉ ለእነሱ ሰጥተናል። በመልሶቹ ውስጥ «አዋጁ» የምንለው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ነው። ይህ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። ከውጭ አገር ለጻፉልን አንባቢዎች የየአገራቸውን ሕግ ይዘን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ማታ ማታ ሥራ ስለምገባ ተከታታይ ድራማ በሪሲቨሬ ፍላሽ ላይ ቀድቼ እሑድ እሑድ አያለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ጣቢያው ካልፈቀደ መቅዳት በሕግ ያስጠይቃል» አለኝ። እውነቱን ነው? ደግሞ አንዳንዴ ቀረጻው ሌላ ፕሮግራም ሆኖ ይገኛል፣ አንዳንዴም መሐል ላይ ይቆራረጣል። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ እርስዎ በሚያደርጉት መንገድ አያስጠይቅም። ባልደረባዎ ግን ከባዶ አልተነሳም። የአዋጁ አንቀጽ 31 ለብሮድካስቲንግ ድርጅት ስርጭቱን የመቅረጽ፣ የተቀረጸውን የማባዛት፣ መልሶ የማሰራጨትና ለሕዝብ የማቅረብ መብት ይሰጠዋል። እዚያ ላይ ንባቡን ያቆመ ሰው ሁሉም ቀረጻ የተከለከለ ይመስለዋል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 32 ግን የድርሰት ሥራን ያለ ፈቃድ መጠቀም በሚቻልበት ሁኔታ ሁሉ ስርጭቱንም መጠቀም እንደሚቻል ይደነግጋል። ስለዚህ ወደ አንቀጽ 9 እንመለሳለን፤ አንድ የተፈጥሮ ሰው ለራሱ የግል አገልግሎት ብቻ በአንድ ቅጂ ቢያባዛ ባለመብቱ ሊከለክለው አይችልም።

እዚህ ላይ እያንዳንዱ ቃል ክብደት አለው። «የተፈጥሮ ሰው» ስለሚል ሆቴል፣ ኩባንያ ወይም ማኅበር በዚህ አንቀጽ አይጠለልም። «አንድ ቅጂ» ስለሚል ለራስ አንድ፣ ለእህት አንድ፣ ለጎረቤት አንድ ማለት አይቻልም። «ለግል» የሚለው ደግሞ ቅጂው ከእጅዎ ሲወጣ ያበቃል። አንቀጹ የሥራውን መደበኛ የገበያ ጥቅም የሚጎዳ ማባዛትንም አይፈቅድም። እሑድ አይቶ ማጥፋት ከዚህ ሁሉ ጋር አይጋጭም።

ሌላ ፕሮግራም ተቀድቶ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ በሰዓት አቆጣጠር ነው። ጣቢያው የሚናገረው በእኛ ሰዓት ነው፤ ሪሲቨሩ የሚቆጥረው ደግሞ በ24 ሰዓት ነው። ለቀኑ ሰዓት 6 ይደምሩ፤ ቀን 8፡00 ሪሲቨሩ ላይ 14፡00 ነው። ከምሽቱ 12 እስከ ሌሊቱ 6 ድረስ 18 ይደምሩ፤ ማታ 2፡00 ሲባል 20፡00 ይሙሉ (ምሽት 12፡00ን 18፡00፣ ሌሊት 6፡00ን 00፡00 ብለው)። ከሌሊቱ 6 በኋላ 6 ይቀንሱ፤ ሌሊት 7፡00 ማለት 01፡00 ነው። እዚህ ላይ ቀኑም ይቀየራል፦ እኛ «ቅዳሜ ሌሊት 7 ሰዓት» የምንለው በሪሲቨሩ አቆጣጠር እሑድ 01፡00 ነው፤ ቅዳሜን ከመረጡ ከአንድ ቀን በፊት የነበረውን ሌሊት ይቀዳል። የጊዜ ቀጠናውም በሴቲንግ ውስጥ ጂኤምቲ +3 መሆኑን ያረጋግጡ። ፕሮግራም ስለሚዘገይ ከመጀመሪያው 5፣ ከመጨረሻው 15 ደቂቃ ትርፍ ይስጡት።

መቆራረጡ ሌላ ምክንያት አለው። መደበኛ ጥራት ያለው ሥርጭት በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ሜጋቢት ገደማ ይወስዳል፤ በሰዓት 1 ጊጋባይት ያህል ማለት ነው። ኤችዲ ከሆነ በሰዓት እስከ 3.5 ጊጋባይት ሊደርስ ይችላል። ርካሽ ፍላሽ ሲሞቅ የመጻፍ ፍጥነቱ ስለሚወርድ ምስሉ ይሰባበራል። ሃርድ ዲስክ ከሰኩ ደግሞ ብዙ ሪሲቨር ላይ ያለው የዩኤስቢ ቀዳዳ የሚሰጠው ኃይል ዲስኩን ለማሽከርከር አይበቃም፤ «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ከሰሙ የራሱ የኃይል ገመድ ያለው ዲስክ ወይም ኃይል የሚሰጥ የዩኤስቢ ማከፋፈያ ያስፈልግዎታል። ቀረጻው ሁልጊዜ 4 ጊጋባይት ላይ የሚቆም ከሆነ ፍላሹ በፋት32 የተፎረመተ ነው፤ ይህ አሠራር ከዚያ የሚበልጥ ፋይል አይዝም። ብዙ ሪሲቨሮች ፋይሉን ራሳቸው ይከፋፍሉታል፤ የማይከፋፍሉት ላይ ግን ከሪሲቨሩ ሜኑ ገብተው በሚያቀርበው ሌላ አማራጭ ፎርማት ያድርጉት። በኮምፒውተር ሳይሆን በሪሲቨሩ መፎርመቱ ይሻላል፤ ሪሲቨሩ የማይጽፍበትን ዓይነት ከመምረጥ ያድናል።

ጥያቄ፦ በስማርት ቴሌቪዥኔ ሃርድ ዲስክ ላይ የቀዳሁት ኮምፒውተር ላይ አልከፍት አለኝ። ዲስኩን የወንድሜ ቴሌቪዥን ላይ ስሰካው ደግሞ «ፎርማት አድርግ» ይላል። (ከአዳማ)

መልስ፦ ፎርማት አያድርጉት፤ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ሳምሰንግ፣ ኤልጂና ሶኒ የመሳሰሉት ቴሌቪዥኖች ቀረጻውን ቆልፈው ከዚያው ከቀዳው ቴሌቪዥን ጋር ብቻ ያስሩታል። የዚያው ሞዴል ሌላ ቴሌቪዥን እንኳ አይከፍተውም፤ የራስዎ ቴሌቪዥን ዋና ቦርድ ቢቀየርም የድሮው ቀረጻ ሊጠፋ ይችላል። በክፍያ የሚሠሩ ዲኮደሮችም እንደዚሁ ናቸው፤ የወር ክፍያው ሲቋረጥ የተቀዳው ሊዘጋ ይችላል። ከነጻ ሥርጭት በተራ ሪሲቨር የተቀዳ የቲኤስ ፋይል ግን ብዙውን ጊዜ ቪኤልሲ በተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም ይከፈታል። ቁልፉን የሚሰብር ፕሮግራም ስለመፈለግ የጻፉልን ውጭ አገር ያሉ አንባቢዎች ይህን ይያዙ፦ በአሜሪካ (የቅጂ መብት ሕጉ አንቀጽ 1201) እና በጀርመን (አንቀጽ 95ሀ) ቁልፉን መስበር ራሱ ሕግ መጣስ ነው፤ ያዩት ለግልዎ ቢሆንም።

ጥያቄ፦ የሞባይል ሱቅ አለኝ። ደንበኛ ፍላሽ ይዞ ሲመጣ ከቴሌቪዥን የተቀዱ ድራማዎችና ዘፈኖች እጭንለታለሁ። የምቀበለው የጉልበቴን ዋጋ እንጂ የፊልሙን አይደለም። ሁሉም ሰው የሚሠራው ሥራ ነው። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በግልጽ እንንገርዎት፤ ይህ በአዋጁ የተከለከለ ነው፤ የገንዘቡ ስም ደግሞ ነገሩን አይለውጠውም። አንቀጽ 9 የሚፈቅደው ሰውዬው ራሱ ለራሱ ሲቀዳ ነው። እርስዎ ሱቁ ውስጥ ባለው ኮምፒውተር ላይ ያለውን አንድ ፋይል ለመጣው ሁሉ ሲያባዙ እያንዳንዱ ፍላሽ አዲስ ቅጂ ነው፤ የሚያባዛውም ሱቁ ነው። ባለመብቱ በፍትሐ ብሔር ካሳ ሊጠይቅ፣ ኮምፒውተሩም ሊያዝ ይችላል። የ1996ቱ አዋጅ ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ100,000 ብር እንዳያንስ ደንግጓል። ከዚህ ሌላ ሆን ብሎ መብት መጣስ እስራት ያለው ወንጀል ነው። «ሁሉም ይሠራዋል» የሚለው በፍርድ ቤት ማቅለያም አይሆንም።

ሥራውን ሙሉ በሙሉ መዝጋት አይጠበቅብዎትም። ፍላሽና ሃርድ ዲስክ መሸጥ፣ ሪሲቨር አስተካክሎ ደንበኛው ቤቱ ራሱ እንዴት እንደሚቀዳ ማሳየት፣ የጣቢያዎቹን የራሳቸውን መተግበሪያና የዩቲዩብ ገጽ ስልክ ላይ መጫን፣ በክፍያ የሚሠሩ የሙዚቃ መተግበሪያዎችን ማስመዝገብ ይችላሉ። እነዚህ ሁሉ የእጅ ዋጋ የሚከፈልባቸው ሥራዎች ናቸው። ዘፋኙ አልበሙን ለማውጣት ካወጣው ገንዘብ ፍላሽ ላይ ከሚጫነው አንዲት ሳንቲም አትመለስለትም፤ ስለዚህ ምክራችን ለሕጉ ብቻ ስንል አይደለም።

ጥያቄ፦ የቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ አለ፤ ያመለጣቸው እንዲያዩ የበዓል ፕሮግራም ቀድቼ እልካለሁ። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ብዙ ሺህ ተከታይ ባለው ቻናሉ ላይ ድራማ በየቀኑ ይለጥፋል። እኛ ሁለታችን አንድ ነን? (ከደሴ)

መልስ፦ አንድ አይደላችሁም። የጓደኛዎ ቻናል ማንም ገብቶ የሚያየው ስለሆነ ለሕዝብ ማቅረብ ነው፤ ማስታወቂያ ቢኖረውም ባይኖረውም። አዋጁ «ለሕዝብ» የሚለውን የሚለካው ከቤተሰብና ከቅርብ ወዳጅነት ክበብ ውጭ ያሉ ሰዎች መገኘት ወይም መገኘት መቻላቸውን አይቶ ነው። የእርስዎ ግሩፕ በዚህ ሚዛን ሕዝብ አይባልም። ቢሆንም ፋይሉን ሲልኩና እያንዳንዱ ሲያወርደው «አንድ ቅጂ» ከሚለው ገደብ ያልፋል። ለዚህ ተብሎ ቤተሰብ የከሰሰ ጣቢያ ይኖራል ብለን አናስብም፤ ግን ቀላሉ መንገድ ስላለ እሱን ይያዙ። አብዛኞቹ ጣቢያዎች ፕሮግራሙን በራሳቸው ዩቲዩብ ላይ ይጭኑታል። ያንን ሊንክ ይላኩ። ሊንክ ሲልኩ ያባዙት ነገር የለም፤ ተመልካቹም ለጣቢያው ይቆጠርለታል፤ የተቀባዮቹም ስልክ በ1 ጊጋባይት ፋይል አይሞላም።

ግሩፕ ሲያድግ መጠንቀቅ ግን ያስፈልጋል። የቤተሰብ ተብሎ የተከፈተ ግሩፕ የሠፈር፣ ከዚያ የዕድር፣ ከዚያ ማንም በሊንክ የሚገባበት ሲሆን አይተናል። መግቢያ ሊንኩ ለሁሉም ክፍት ከሆነ «ቤተሰብ» የሚለው ስም አያድነውም።

ጥያቄ፦ ዩቲዩብ ላይ የስፖርትና የወቅታዊ ጉዳዮች ትንታኔ እሠራለሁ። ከዜናና ከጨዋታ ላይ ከ30 ሰከንድ በታች ከወሰድኩ ችግር የለውም ይባላል። ግን ሁለት ቪዲዮዬ ላይ ምልክት መጣብኝ፤ አንዱ ላይ ደግሞ ስትራይክ። ልዩነታቸው ምንድን ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የ30 ሰከንድ ሕግ የሚባል የለም፤ በአዋጁም የለም፣ በአሜሪካም ሕግ የለም። ሰውን በብዛት ያሳሳተው ይህ ወሬ ነው። አንቀጽ 10 ስለ ጥቅስ ሲናገር የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ የወሰዱት ከዓላማዎ የሚመጥን መጠን መሆኑን፣ ተገቢ አሠራር መሆኑን፣ ምንጩና የሥራው አመንጪ ስም መጠቀሱን። አንቀጽ 32ም ወቅታዊ ጉዳይን ለመዘገብ አጭር ቅንጭብ መጠቀምን ይፈቅዳል። ስለዚህ ጥያቄው ስንት ሰከንድ ሳይሆን ለምን ተወሰደ ነው። ጎሉን 8 ሰከንድ አሳይተው ቆም አድርገው የተከላካዩን አቋቋም ሲተነትኑ ምስሉ ለክርክርዎ ማስረጃ ነው። ያንኑ ጎል 8 ሰከንድ ከኋላ ሙዚቃ ጨምረው ሲለቁት ግን ጎሉን ለማየት የመጣን ተመልካች ከጣቢያው እየወሰዱ ነው። ምስሉን መገልበጥ፣ ድምፁን ማቅጠን፣ ዙሪያውን ፍሬም ማድረግ፣ «የቅጂ መብት የባለቤቱ ነው» ብሎ መጻፍ በሕግ ፊት አንድም ዋጋ የለውም፤ እንዲያውም ሆን ብለው እንደሸሸጉ ያስመስልብዎታል።

አሁን ወደ ዩቲዩብ አሠራር። ኮንተንት አይዲ የሚባለው ማሽን ነው፤ ባለመብቱ ካስገባው ናሙና ጋር ቪዲዮዎን ያመሳስላል። በዚህ የሚመጣው ምልክት «ክሌም» ነው፤ ገቢው ወደ ባለመብቱ ይሄዳል ወይም ቪዲዮው በአንዳንድ አገር ይታገዳል፤ ቻናልዎ ግን አይቀጣም። ትክክል ነኝ ካሉ ይቃወሙ፤ ባለመብቱ መልስ ለመስጠት 30 ቀን አለው። ስትራይክ ሌላ ነው። ባለመብቱ በሕጋዊ ማመልከቻ ቪዲዮው እንዲነሳ ሲጠይቅ የሚመጣ ነው። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ከደረሰ ቻናሉ ይዘጋል። አንዱ በ90 ቀን እንዲሰረዝ በዩቲዩብ የቀረበውን የቅጂ መብት ትምህርት መጨረስ አለብዎት፤ ቪዲዮውን ራስዎ ማጥፋት ስትራይኩን አያነሳውም።

ስትራይኩን ለማስነሳት ሦስት መንገድ አለ፦ መጠበቅ፣ ለባለመብቱ ጽፎ እንዲያነሳ መጠየቅ፣ ወይም የተቃውሞ ማስታወቂያ ማስገባት። ሁለተኛውን አስቀድመው ይሞክሩ፤ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች በኢሜይል ይገኛሉ፤ ጨዋ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ሦስተኛውን የሚመርጡ ከሆነ ግን የሚፈርሙትን ያንብቡ። እውነተኛ ስምዎና አድራሻዎ ለከሳሹ ይደርሰዋል፤ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ለመዳኘትም ይስማማሉ። ባለመብቱ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ክስ መመሥረቱን ካላሳየ ቪዲዮው ይመለሳል። ትንታኔዎ እውነተኛ ትንታኔ ከሆነ አይፍሩ፤ ካልሆነ ግን አይሞክሩት።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤታችን ከቴሌቪዥን የተቀዳ ዶክመንተሪ በክፍል ውስጥ ማሳየት ይችላል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መምህሩ ክፍል ውስጥ ከተማሪዎቹ ጋር ሆኖ ለማስተማር የሚያሳየው ከሆነ አንቀጽ 32 ይፈቅዳል። ለትምህርት ተብሎ የተዘጋጀና የሚሸጥ ሥራን ከመግዛት ይልቅ ቀድቶ መጠቀም ግን ከዚህ ውጭ ነው። በወላጆች ቀን አዳራሽ ውስጥ በትኬት ማሳየትም ማስተማር አይባልም።

ጥያቄ፦ በሰፈሬ ኳስ የማሳይበት ቤት አለኝ። ዲኤስቲቪ በስሜ ከፍዬ ነው የማስገባው፤ በየጨዋታው መግቢያ እቀበላለሁ። ያመለጣቸው ስለሚጠይቁኝ ጨዋታውን ቀድቼ ጠዋት መድገም አስቤአለሁ። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መጀመሪያ ደረሰኝዎን ይመልከቱ። የመኖሪያ ቤት ፓኬጅ ከሆነ ውሉ ለቤት ብቻ ነው፤ ለንግድ ቤት የተለየ ፓኬጅ አለ፤ ዋጋውም በቤቱ ዓይነትና ስፋት ይለያያል። የከፈሉት ለማየት ነው፤ መግቢያ ተቀብሎ ማሳየት ግን በአንቀጽ 31 ስርጭቱን ለሕዝብ ማቅረብ ስለሆነ ፈቃዱ በንግድ ውሉ በኩል ካልመጣ የለዎትም። ውሉ ሲጣስ መጀመሪያ የሚመጣው የካርዱ መዘጋት ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ በትልቅ ጨዋታ ዕለት።

ጠዋት መድገሙን ይተዉት። የንግድ ፓኬጅ ቢኖርዎት እንኳ የሚሸፍነው በወቅቱ የሚተላለፈውን ነው። ቀድቶ በገንዘብ ማሳየት በአንድ ጊዜ ሁለት መብት ይነካል፤ መቅረጽንና ለሕዝብ ማቅረብን፤ የግል ቅጂ የሚለው መከላከያ ደግሞ ለንግድ አይሠራም። ጣቢያው ራሱ ጨዋታውን የሚደግምበትን ሰዓት አይተው በዚያ ሰዓት ቢከፍቱ ደንበኛዎም ያያል፣ እርስዎም ከውልዎ አይወጡም።

ጥያቄ፦ ምግብ ቤት ልከፍት ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀኑን ሙሉ ላሳይ፣ ዘፈን ከዩቲዩብ ላጫውት፣ ቦክስ ሲኖር ደግሞ ቤቴ ባለው አካውንት ልክፈት አስባለሁ። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ አንድ ላይ ሲያያዙ ነው ሰው የሚወድቀው።

የአሜሪካ ሕግ ለቤትና ለንግድ ቤት የሚያደርገው ልዩነት ትልቅ ነው። ቤትዎ ከሆነ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1984 እ.ኤ.አ. የቤታማክስ ውሳኔ (5 ለ4) በነጻ የሚተላለፍ ፕሮግራምን ቀድቶ በሌላ ሰዓት ማየት ፍትሐዊ አጠቃቀም ነው ብሏል። ምግብ ቤት ግን የሕዝብ ቦታ ነው። ለእርስዎ የሚጠቅመው አንቀጽ 110(5) ነው፦ ስፋቱ ከ3,750 ስኩዌር ፊት (348 ካሬ ሜትር ገደማ) በታች የሆነ የምግብና መጠጥ ቤት ፈቃድ ካለው ጣቢያ፣ ወይም ከኬብልና ከሳተላይት አቅራቢ የሚመጣ ሙዚቃን ያለ ክፍያ ማሰማት ይችላል። ከዚያ ከሰፋ ቴሌቪዥኑ ከ4 አይበልጥ፣ በአንድ ክፍል ከአንድ አይበልጥ፣ አንዱም ከ55 ኢንች አይብለጥ፤ ድምፅ ማጉያው ከ6 አይበልጥ፣ በአንድ ክፍል ከ4 አይበልጥ። መግቢያ ካስከፈሉ ይህ ሁሉ ይቀራል።

ልብ ይበሉ፤ ይህ ነጻነት የሚመለከተው ከስርጭት የሚመጣ ሙዚቃን ነው። ከዩቲዩብ፣ ከፍላሽ፣ ከሲዲ የሚጫወት ዘፈን ስርጭት አይደለም። የዩቲዩብ ውል ደግሞ ለግል፣ ንግድ ላልሆነ አገልግሎት የተሰጠ ነው። ስለዚህ ለንግድ ቤት የተዘጋጀ የሙዚቃ አገልግሎት ይያዙ፤ ወይም የሙዚቃ ደራሲያንን ከሚወክሉት ድርጅቶች፣ ከአስካፕ፣ ከቢኤምአይና ከሲሳክ ፈቃድ ይግዙ። ከሦስቱ የአንዱን ብቻ መግዛት አይበቃም፤ እያንዳንዳቸው የሚወክሉት የተለያዩ ደራሲያንን ነው። የኢትዮጵያን ቴሌቪዥን በተመለከተ ድራማና ፊልም ከላይ ባልነው ለሙዚቃ በተሰጠው ነጻነት አይሸፈኑም። ፈቃዱን ከጣቢያው ወይም በአሜሪካ ከሚያከፋፍለው ድርጅት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ለንግድ ቦታ መሆኑንም በደብዳቤው ላይ ይጥቀሱ።

ቦክሱን በቤት አካውንት እንዳይከፍቱ አጥብቀን እንመክራለን። በክፍያ የሚታይ ግጥሚያን ያለ ንግድ ፈቃድ ማሳየት በሳተላይትና በኬብል ስርቆት ሕግ ይታያል፤ በሳተላይት ሲሆን ለአንድ ጥሰት ከ1,000 እስከ 10,000 ዶላር፣ ለገንዘብ ሆን ተብሎ ከተደረገ ደግሞ እስከ 100,000 ዶላር ተጨማሪ ሊፈረድ ይችላል። በግጥሚያው ምሽት መርማሪዎች እንደ ደንበኛ ገብተው፣ ቴሌቪዥኑን ቆጥረው፣ የተቀመጠውን ሰው ቆጥረው ይወጣሉ፤ የክሱ ወረቀት የሚመጣው ከወራት በኋላ ነው። በተራ የቅጂ መብት ክስም ለአንድ ሥራ ከ750 እስከ 30,000 ዶላር፣ ሆን ተብሎ ከሆነ እስከ 150,000 ዶላር ይፈረዳል። አዲስ ምግብ ቤት ይህን አይሸከምም።

ጥያቄ፦ አባቴ በ1970ዎቹ ከኢትዮጵያ ሬዲዮ የቀዳቸው ድራማዎችና ዘፈኖች በካሴት አሉኝ። ዲጂታል አድርጌ ኢንተርኔት ላይ ብለቃቸው ምን ይመጣል? የጣቢያው መብት 20 ዓመት ስለሆነ አልፏል ይሉኛል። (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ የነገሩዎት ግማሹ ትክክል ነው፤ ግማሹ ግን አደገኛ ነው። አንድ የሬዲዮ ድራማ ላይ ቢያንስ አራት መብት ተደራርቧል። የብሮድካስቲንግ ድርጅቱ መብት ፕሮግራሙ ከተላለፈ ጀምሮ 20 ዓመት ነው፤ በ1978 ዓ.ም የተላለፈ በ1998 አልቋል። የከዋኞቹ፣ ማለትም የተዋናዮቹና የዘፋኞቹ፣ 50 ዓመት ነው፤ ያው ፕሮግራም እስከ 2028 ይዘልቃል። የድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲዩሰሩም 50 ዓመት ነው። የደራሲው ደግሞ ሕይወቱን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው። ደራሲው በ1990 ዓ.ም አርፎ ከሆነ እስከ 2040 ድረስ ወራሾቹ ባለመብት ናቸው። በጋራ የተደረሰ ከሆነ የሚቆጠረው መጨረሻ ከሞተው ነው። ደራሲው የጣቢያው ተቀጣሪ ሆኖ በሥራው ጽፎት ከሆነ ደግሞ፣ ሌላ ውል ከሌለ፣ የኢኮኖሚ መብቱ የአሠሪው ነው፤ ስለዚህ ደብዳቤዎ ለጣቢያውም ለወራሾቹም መድረስ አለበት። እርስዎ ያሉት ጀርመን ስለሆነ ኢንተርኔት ላይ ሲለቁ የጀርመንም ሕግ ይመጣል፤ የግል ቅጂን በአንቀጽ 53 ይፈቅዳል፤ ያንን ቅጂ ለሕዝብ ማሰራጨትን ግን አይፈቅድም። በዚያ አገር የጠበቃ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከነሂሳቡ ቤት ድረስ ይመጣል።

ዲጂታል ማድረጉን ግን ዛሬውኑ ይጀምሩ። ይህ የእኛ ጠንካራ አቋም ነው። ካሴት በየዓመቱ ይደክማል፤ ጣቢያው ራሱ የሌለው ቀረጻ በእርስዎ እጅ ሊሆን ይችላል።

ከመነካካትዎ በፊት በካሴቱ ጀርባ ጥግ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ሰብረው ያውጡ፤ ከዚያ በኋላ በስህተት ሊቀዳበት አይችልም። በመስኮቱ በኩል ቴፑ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ካዩ ሻጋታ ነው፤ አያጫውቱት፤ ማጫወቻውንም ሌላውንም ካሴት ይበክላል፤ ለባለሙያ ይስጡት። ንጹሑን አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻ ወደፊት፣ አንድ ጊዜ ወደኋላ ያጠንጥኑ፤ የተጣበቀው ይላቀቃል፣ ውጥረቱም ይስተካከላል። የማጫወቻውን ሄድ (ቴፑን የሚያነበውን ክፍል) በአይሶፕሮፒል አልኮል (90 ከመቶና ከዚያ በላይ) በነከሩት ጥጥ ይጥረጉ፤ በየ5 ካሴቱ ይድገሙት።

ድምፁ ታፍኖ ከተሰማ ካሴቱ ሞቷል ብለው አይፍረዱ። አብዛኛውን ጊዜ የቀዳው ማሽን ሄድና የሚያጫውተው ማሽን ሄድ አቀማመጣቸው ስለማይገጥም ነው። ሄዱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብሎን በጠባብ መፍቻ በጣም በጥቂቱ፣ ሩብ ዙር ሳይሞላ፣ ወዲያና ወዲህ እያዞሩ ያዳምጡ፤ «ሰ» እና «ሽ» ጥርት ብለው የሚሰሙበት ላይ ያቁሙ። ከመጀመርዎ በፊት የብሎኗን ቦታ ምልክት ያድርጉበት፤ በሌላ ማሽን ለተቀዳ ካሴት እንደገና ማስተካከል ያስፈልጋል።

ገመዱን ላፕቶፕ ላይ ካለው የሄድሴት ቀዳዳ ጋር አያገናኙ፤ እሱ ለማይክሮፎን ስለሆነ ድምፁ ይጮኻል፣ ስቴሪዮውም ወደ አንድ ይጠፋል። ላይን-ኢን ያለው ርካሽ የዩኤስቢ የድምፅ ካርድ ይበቃል። ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም በ44.1 ኪሎኸርዝ፣ 16 ቢት፣ በዌቭ ፋይል ይቅዱ፤ ከፍተኛው ድምፅ −6 ዴሲቤል አካባቢ ይሁን። በደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ የ60 ደቂቃ ካሴት 600 ሜጋባይት ነው። ያልተነካውን ዌቭ እንዳለ ያስቀምጡ፤ የማጥራት ሥራውን በቅጂው ላይ ብቻ ይሥሩ። በፋይሉ ስም ላይ ካሴቱ ላይ አባትዎ የጻፉትን ቃል በቃል ያስፍሩ፤ ቀኑና የፕሮግራሙ ስም ወራሾችን ለማግኘት ብቸኛው ፍንጭ ሊሆን ይችላል።

ለሕዝብ እንዲደርስ ከፈለጉ ደግሞ ቅጂውን ለኢቢሲ ወይም በአዲስ አበባ ለሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ያቅርቡ፤ ስጦታውን በጽሑፍ ያድርጉት፣ ለጥበቃና ለጥናት መሆኑንም ይግለጹ።

ጥያቄ፦ እዚህ ከቤቴ የኢትዮጵያን ጣቢያ በሳተላይት አይቼ ብቀዳ የቢቢሲ ክፍያ ይመለከተኛል? (ከለንደን)

መልስ፦ ይመለከትዎታል። ክፍያው የሚከፈልበት የቴሌቪዥን ፈቃድ የሚጠየቀው ማንኛውንም ጣቢያ በቀጥታ ለማየት ወይም ለመቅዳት ነው፤ ጣቢያው የሌላ አገር መሆኑ አያስቀርም። የ1988 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ የቅጂ መብት ሕግ አንቀጽ 70 በቤትዎ፣ ለግልዎ፣ በተመቸዎት ሰዓት ለማየት ብቻ መቅዳትን ይፈቅዳል። ያንኑ ቀረጻ በኋላ ከሸጡት ወይም ካከራዩት ግን ሲቀዱት ሕጋዊ የነበረው ቅጂ ሕገ ወጥ ቅጂ ይሆናል።